ለኮንቴይነር ሱቅህ ወለል

ልጄ፣ ሱቅ ልትከፍት ባለ 20 ፊት ኮንቴይነር መግዛትህን ስሰማ ደስ አለኝ። መደርደሪያውን፣ የመብራቱን መስመርና የበሩን ቀለም ወስነህ ጨርሰሃል አሉ። ስለ ወለሉ ግን ያነሳብህ ሰው ያለ አይመስለኝም። እዚህ ጅግጅጋ የኮንቴይነር ወለል ጉዳይ የሚነሳው እግር ሲሰጥም ወይም ከሥር የተደረደረው የስኳር ጆንያ ረጥቦ ሲገኝ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የሚቀረው ወጪ መቁጠር ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃ ሳታስገባ፣ ገና ባዶውን ሳለ የማውቀውን ልንገርህ።

ብዙ ሰው ኮንቴይነር ሁለመናው ብረት ይመስለዋል። ግድግዳው፣ ጣሪያውና በሩ ብረት ነው፤ የምትረግጠው ግን በአብዛኛው እንጨት ነው። ብዙ ስስ ንብርብር ተጣብቆ የተሠራ፣ 28 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ኮምፔልሳቶ ነው። ከሥሩ ባሉት መስቀለኛ ብረቶች ላይ በቪቴ ይታሰራል፤ ጠርዝ ከጠርዝ የሚገጥምበት በማሸጊያ ይደፈናል፤ የታችኛው ፊቱም ከፋብሪካ ሲወጣ ሬንጅ መሳይ ጥቁር ቅብ ይቀባል። አሜሪካዊው ማልኮም ማክሊን እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. 58 ኮንቴይነሮችን በአንዲት መርከብ ጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ከላከ ወዲህ በዚህ ዕቃ ላይ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ሆኖም ለወለል ዛሬም እንጨት ይመረጣል፤ ጭነት አያንሸራትትም፣ ሚስማር ይይዛል፣ ሲጎዳም ተቆርጦ ይቀየራል። ደካማ ጎኑ አንድ ነው፤ እሱም እርጥበት ነው።

ይህን ያዝልኝ፦ የኮንቴይነር ወለል መበስበስ የሚጀምረው ከሥርና ከጠርዝ ነው። ከላይ ስታየው ያብረቀርቃል፤ ከታች ግን በጣት ይፈረፈራል። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን፣ ማለትም ከላይ ቀለም ቀብቶ ከላዩ የፕላስቲክ ምንጣፍ ማንጠፍን፣ አታስቀድም። መጀመሪያ ለውሃው መውጫ አብጅለት፤ ቀለሙ ይደርሳል።

ምክንያቱን ልንገርህ። እንጨት የሚበሰብሰው ውሃ ስለነካው ሳይሆን ውሃው ውስጡ ተኝቶ ስለሚቀር ነው። የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው። ፈንገስ ምግብ፣ አየር፣ ሙቀትና ውሃ ይፈልጋል። ምግቡ እንጨቱ ራሱ ነው፤ አየርና ሙቀትን መከልከል አትችልም፤ በእጅህ ያለው ውሃው ብቻ ነው። የእንጨቱ እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ሆኖ ከቆየ ፈንገስ አያድግበትም። ወደ 30 በመቶ ተጠግቶ ሲከርም ግን እንደ ልቡ ይስፋፋል። ሲደርቅ ደግሞ ሁልጊዜ ይሞታል ማለት አይደለም፤ ተኝቶ ይቆይና የሚቀጥለው ዝናብ ሲደርስ ካቆመበት ይቀጥላል።

አሁን በቁጥር እንየው። የባለ 20 ፊቱ ወለል ስፋት ወደ 14 ካሬ ሜትር ነው፤ እንጨቱ 300 ኪሎ ግድም ይመዝናል። እርጥበቱ በ1 በመቶ ከፍ ባለ ቁጥር ከሁለት ሊትር ተኩል በላይ ውሃ ይይዛል ማለት ነው። ከ12 በመቶ ወደ 20 በመቶ ከወጣ አንድ ሙሉ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ እግርህ ሥር ተደብቋል። አንድም ጠብታ ሳይፈስ፣ ወለሉም ለዓይን ደረቅ መስሎ። ሰው «ጣሪያዬ አያፈስም፣ ታዲያ ዕቃዬን ምን አረጠበው?» የሚለው ይህን ስለማያስብ ነው።

ውሃው ከየት መጣ እንዳትለኝ። ኮንቴይነር ወደ እኛ የሚደርሰው ወይ ከጅቡቲ በድሬዳዋና በሐረር፣ ወይ ከበርበራ በሐርጌሳና በቶጎ ውጫሌ ነው። ሁለቱም ወደቦች ባሕር ዳር ያሉ፣ ወበቅ የበዛባቸው ቆላዎች ናቸው። ጅግጅጋ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ግድም ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በጂላል፣ በደረቁ ወቅት፣ ሌሊቷ ብርድ ነው። በ30 ዲግሪና በ80 በመቶ የአየር እርጥበት የታሸገ ኮንቴይነር ወደ 12 ዲግሪ ሲወርድ ከአየሩ ብቻ ወደ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ጣሪያውና ግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ብዙ አይደለም። ብዙው የሚመጣው ከወለሉና ከጭነቱ ነው። ቀን ፀሐይ ብረቱን ሲያግለው እንጨቱ ውሃውን ለአየሩ ይለቃል፤ ሌሊት ጥርት ያለው የጅግጅጋ ሰማይ ጣሪያውን ሲያቀዘቅዘው ያው ውሃ ጤዛ ሆኖ ከጣሪያው ይንጠባጠባል፤ ወለሉ ደግሞ መልሶ ይጠጣዋል። መውጫ ካላገኘ ይህ በየዕለቱ ይደጋገማል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ምርመራ ነው። ቀትር ላይ ውስጥ ግባና በሩን ሰው ከውጭ ይዝጋልህ። ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ቆየት በልና ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ ፈልግ። ከጣሪያው፣ ከግድግዳው ግርጌና ከወለሉ መጋጠሚያ ብርሃን የገባበት ሁሉ ውሃም ይገባበታል፤ በጠመኔ ምልክት አድርግበት። ቀጥለህ ስለት ያለው ቢላ ያዝና የወለሉን ጠርዝ፣ በተለይ በሩ አጠገብ ያለውን፣ ጫፉን እያስገባህ ፈልቅቅ። ጤነኛ እንጨት ይታገልሃል፤ ሲነሳም ረጃጅም ስንጣሪ ሆኖ ይነሳል። የበሰበሰው ያለ ትግል በአጭሩ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የቪቴዎቹን አናትም እይ። ዙሪያቸው ያለው እንጨት ጠቁሮ ዝገት ከሸተተ ውሃው በዚያ ወርዷል፤ ዝገቱም በበኩሉ በዙሪያው ያለውን እንጨት ይበላል።

ሌላም ቀላል ፈተና አለ። ክንድ በክንድ የሚሆን ንጹሕ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፈህ አራቱን ጎን በፕላስተር አሽገህ አሳድረው። ጠዋት ላስቲኩ ከሥሩ ጠብታ ካዘለ ወለሉ ገና ውሃ እየለቀቀ ነው ማለት ነው። የፕላስቲክ ምንጣፍ ስታነጥፍ የምታሽገው ይህንኑ ውሃ ነው። ጠብታ እስከሚጠፋ ድረስ ቀለምም ምንጣፍም አያስፈልግህም፤ በሩን ቀን ቀን ከፍተህ አናፍሰው።

አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ፤ ዋናው ሥራ እዚያ ነው። ኮንቴይነር የተሠራው በአራቱ ማዕዘኖቹ ላይ እንዲቆም ነው። የወለሉ መስቀለኛ ብረቶች ከማዕዘኖቹ እግር ከፍ የሚሉት ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም በማያልፍ ልዩነት ነው። መሬት ላይ ዝም ብለህ ካስቀመጥከው ብረቶቹ አፈሩን ይነካሉ፤ ከዝናብ በኋላም ጭቃ ውስጥ ይቀመጣሉ። ከካራማራ ተራራ ወዲህ የተዘረጋውን የጅግጅጋን ሜዳ ታውቀዋለህ፤ ጥቁር አፈር ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውሃም ይዞ ይከርማል። በጉ ዝናብ የጠጣውን ሳይጨርስ የከረን ዝናብ ይደርስበታል።

ስለዚህ ከፍ አድርገው። በየማዕዘኑ ጠንካራ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት ሥራ፤ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ካለ በእጅ ባትሪ ሥሩን ለማየት ይበቃሃል። ባዶው ባለ 20 ፊት ከሁለት ቶን በላይ ስለሚመዝን በጭነት መኪና ክሪክ ማዕዘን በማዕዘን ይነሳል። ክሪክ ብቻውን ደግፎት ሳለ እጅህንም ሆነ የማንንም ልጅ እጅ ሥሩ እንዳታስገባ፤ ድንጋዩ መጀመሪያ ይግባ። ከሥሩ ሣሩን አንሳ፣ ጠጠር አልብሰው፣ ዙሪያውን የውሃ መሄጃ ቦይ ቁረጥ። ኮንቴይነሩ ወደ በሩ በኩል ጥቂት ዝቅ ይበል፤ የገባ ውሃ ወደ ኋላ ተንከባሎ ጥግ አይተኛ። ልጆች፣ ፍየሎችና ቆሻሻ እንዳይገቡ ብለህ ሥሩን በቆርቆሮ እንዳትደፍነው፤ የሽቦ መረብ ይበቃዋል። የከፈትከውን የአየር በር ሰዎች ለማስዋብ ብለው ሲደፍኑት ማየት ያበሳጨኛል።

ጥቁሩ አፈር ሌላም ጣጣ አለው። መሠረቱን ከዓመት ዓመት ያነቃንቀዋል። ከዝናብ በኋላ በሩ አልዘጋ ወይም አልከፈት ካለህ ችግሩ ማጠፊያው ላይ ሳይሆን አንዱ ማዕዘን ሰምጦ ሳጥኑ ስለተጣመመ ነው። ሲጣመም የወለሉ መጋጠሚያ ይፈታል፣ ማሸጊያው ይሰነጠቃል። መዶሻ ከማንሳትህ በፊት ውሃ ልክ አስቀምጥና ሚዛኑን እይ።

ይህን የምልህ ለጅግጅጋ፣ ለቀብሪበያህና ለቶጎ ውጫሌ ነው። ሱቅህ ሽንሌ ወይም አይሻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እዚያ ሙቀቱ እንጨቱን አድርቆ መጋጠሚያውን ያላቅቃል፣ አቧራ ይሞላዋል፤ ድንገተኛው ጎርፍ ሲመጣ አቧራው ውሃ ይዞ ይቀራል። ምስጥም አለ። ምስጥ ከአፈር ተነስቶ በጭቃ ዋሻ እየሠራ ስለሚወጣ ኮንቴይነሩ ከፍ ካለ መንገዱ እግሩ ላይ ይታይሃል፤ መሬት ላይ ከተቀመጠ ግን የምታየው ወለሉ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

ነፋሱን ተጠቀምበት። የሶማሌ ክልል ሰሜን ነፋስ የማያጣው አገር ነው፤ አይሻ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለውም ለዚህ ነው። ኮንቴይነር ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው የአየር ቀዳዳ ለሱቅ አይበቃም። በአንዱ ግድግዳ ግርጌ፣ በትይዩው ደግሞ ጣሪያው ሥር መስኮት አስቆርጥና ወንፊት ሽቦ ግጠምበት። ከላይ ዝናብ የሚመልስ ላሜራ ይኑረው። የማዕዘን ምሰሶዎቹን በያጁ እንዳይነካ ቆመህ አሠራ። ጣሪያው ላይ ክፍተት ትተህ የቆርቆሮ ጥላ ብትሠራበት ደግሞ የቀኑ ግለትም የሌሊቱ ጤዛም ይቀንስልሃል። እኔ ገንዘብ አጥሮኝ አንዱን ምረጥ ብባል ከቀለም በፊት ይህን ጥላ እመርጣለሁ።

ስለ ቅብ። ወለሉ ከደረቀ በኋላ አሸዋ ወረቀት አስመታውና አቧራውን ጥረግ። ብሩሽህ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሰፊው ፊት ሳይሆን ወደ ጠርዙ ነው። እንጨት ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ ከፊቱ ይልቅ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ነው፤ የኮምፔልሳቶ ጠርዝ ደግሞ ዙሪያውን የተቆረጠ ጫፍ ነው። ጠርዙን፣ የቪቴ ቀዳዳውንና ስንጥቁን እስኪጠግብ ደጋግመህ አጠጣው። ከሥር ያለውን ብረት ዝገቱን አስፍቀህ አንቲሩጂን ቀባ፤ የተላጠውን ሬንጅ አድስ። የላዩ ፊት መጨረሻ ላይ ይመጣል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባበት የሚልህ ሰው አይጠፋም። ርካሽ ስለሆነ ብዙዎች ያደርጉታል። አንተ ግን አታድርገው። ሽታው ሩዝና ዱቄትህ ውስጥ ይገባል፣ በላዩ ሌላ ቀለም አይዝም፣ እሳትም ይጠራል። የምግብ ሱቅ ላይ የተቃጠለ ዘይት ነውር ነው። ለእንጨት የሚሆን ዘይት ከፈለግህ የተፈላ የተልባ ዘይት አለ፤ ስስ ስስ አድርገህ፣ እያንዳንዱ እስኪደርቅ እየጠበቅህ ቀባው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የጠረግህበትን ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ አትወርውር። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ ተጠራቅሞ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። ጨርቁን ዘርግተህ ውጭ አድርቀው፣ ወይም ውሃ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ክተተው።

ከወለሉ የበሰበሰ ክፍል ካገኘህ በላዩ ሌላ ጣውላ ደርበህ አትለፈው። ፈንገሱን ከነውሃው እየሸፈንከው ነው። እስከ ጤነኛው ድረስ ቁረጥ፤ የቁራጩም ጫፍ መስቀለኛው ብረት ላይ ይረፍ፤ አየር ላይ የተንጠለጠለ መጋጠሚያ ዓመት አይቆይም። ለመተኪያ የምትገዛውን ኮምፔልሳቶ ግን በስሙ አትመን። ሻጩ «ማሪን ነው» ይልሃል። መዳፍህ ላይ የሚበቃ ቁራጭ ጠይቅና ቤት ወስደህ ድስት ውስጥ ለሰዓታት ቀቅለው። ማጣበቂያው ለቤት ውስጥ የተሠራ ከሆነ ንብርብሩ እየተላቀቀ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፤ ውሃ የሚቋቋም ከሆነ እንዳለ ይወጣል። ፈተናውን ያለፈውም ቢሆን የማይበሰብስ አይምሰልህ። ውሃ የሚቋቋመው ማጣበቂያው ነው፤ እንጨቱ ያው እንጨት ነው። ስለዚህ ከመገጠሙ በፊት በሁሉም ፊቱና በጠርዙ ተቀብቶ ይግባ፤ ከተገጠመ በኋላ ብረቱ ላይ ያረፈው ፊቱ ላይ ብሩሽ አይደርስም። ቪቴው ዚንክ የተለበጠ ይሁን።

በውጭ አገር በሐይቅ ላይ በሚንሳፈፉ የመዝናኛ ጀልባዎችም ችግሩ ይኸው ነው። ሁለት የአሉሚኒየም ቱቦ ላይ የእንጨት ወለል ይነጠፍና ከላይ ምንጣፍ ይለበጣል፤ ምንጣፉ ውሃውን ይይዝና እንጨቱ ከሥሩ ይበሰብሳል። አንዳንዶች እንዳይበሰብስ ብለው መዳብ ያለበት መድኃኒት የተነከረ እንጨት ሲያስገቡ እንጨቱ ይድናል፣ አሉሚኒየሙ ግን በመዳቡ ይበላል። ከዚህ የምትወስደው፣ በመድኃኒት የተነከረ እንጨት ብረት ላይ ስታሳርፍ በመካከላቸው ቅብ ወይም የላስቲክ መለያ ሊኖር እንደሚገባ ነው። የጣናን የደንገል ታንኳ ቀዛፊዎች ብታይ ደግሞ ሥራቸውን ሲጨርሱ ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው ያደርቁታል። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ እንዳይከብድና እንዳይበሰብስ ነው። አንተም ወለልህ የሚደርቅበት ጊዜ ስጠው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከጉ በፊትና ከከረን በኋላ፣ ዕቃውን ወደ አንድ ጎን ገፋ እያደረግህ ሥሩን አናፍስ።

ስለ መድኃኒት ካነሳሁ አይቀር፣ የገዛኸው ያገለገለ ኮንቴይነር ነው። ወለሉ ሲሠራ ነፍሳት እንዳይበሉት ፀረ ተባይ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በዓመታት ውስጥ ምን እንደተጫነበት አታውቅም። ገብተህ አሽትት። ኬሚካል ወይም ናፍጣ የሸተተው፣ እድፍ የጠጣው ክፍል ላይ የምግብ ዕቃ አይቀመጥ፤ ቢቀየር ይሻላል። ተቆርጦ የወጣውን እንጨት ለማገዶ ለማንም አትስጥ፤ ጭሱ ለሰው ጤና አይደለም። ጠባቂህም ፍራሹን በቀጥታ ወለሉ ላይ አያንጥፍ።

ሩዙን፣ ፓስታውን፣ ስኳሩንና ጨውን ፓሌት ላይ ደርድር፤ ከግድግዳውም አንድ ጋት አርቅ። ጨው በተለይ የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ካለፈ ውሃ ከአየር እየሳበ ራሱ ይቀልጣል፤ የቀለጠው ደግሞ ወለሉንም ቪቴውንም ይበላል። ሲሚንቶ ከጨመርክ ለብቻው፣ ከበሩ የራቀ ቦታ ስጠው።

የመጨረሻው ስለ በሩ ደፍ ነው። ውሃ ከሁሉ በላይ የሚገባው እዚያ ነው፤ ከዝናቡ ይልቅ የሚገባው በሰው እጅ ነው። ጠዋት አቧራ ለማብረድ ውሃ ይረጫል፤ በሶላት ሰዓት ውዱእ የሚደረገው ደፉ ላይ ጄሪካን አጋድሞ ነው። ደንበኞችህም ሠራተኞችህም ሰግደው እንዲመለሱ ምቹ ቦታ አዘጋጅላቸው፤ ከሱቁ ጎን ጠጠር የለበሰ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ውሃው ወደ ቦዩ የሚሄድ። እንዲህ ካደረግህ ማንንም ሳትቆጣ ደፍህ ይደርቃል። ወለሉን ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ እንጂ ባልዲ አትድፋበት።

አሁን ጂላል ነው፤ አፈሩ ደርቋል፣ ክሪክም አይሰምጥም። ከመጋቢት በፊት ማንሳትና መቀባቱን ጨርስ። የጭነት መኪና ክሪክ ሁለት አለኝ፤ ውሃ ልኩንም ውሰደው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጎልማሳ ይዘህ ና፤ ማዕዘኖቹን አብረን እናነሳለን።